ማኒኮቶ፣ ክዳን፣ ቴርሞስታት፦ ምኑ ይጠገን? ምኑ ይቀየር?

ስለ መኪና ራዲያተርና ውሃ የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ይህ ሲስተም የሚሠራው በግፊት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ራዲያተሩ ውስጥ ከውጭው አየር በ0.9 ባር ገደማ የሚበልጥ ግፊት ይፈጠራል። ብልሃቱ ይህን ግፊት ከቻለ ጥገና ነው፤ ካልቻለ ግን ቤት መድረሻ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኮሮላዬ ዳገት ላይ ውሃ ታፈላለች። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ጋራዥ ራዲያተር ቀይሪ አሉኝ። ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ጤነኛ የ0.9 ክዳን ይህንን ወደ 114 ይገፋዋል። የድሮ ኮሮላ ቬንቲሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ደግሞ የሚነሳው 93 አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ ቬንቲሌተሩ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈቺውና ከሥሩ ያለውን ጎማ እዪ፦ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ በጥልቀት ከታተመበት አብቅቶለታል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭም በጥፍር ስትሳብ ወጥታ መመለስ አለባት። እሷ ከደረቀች ውሃው ወደ ትርፍ ጠርሙሱ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተመልክተሽ ተመሳሳዩን ግዢ። «1.1 ይሻላል» ብለው 0.9 ላይ የሚገጥሙልሽ ካሉ እምቢ በይ፤ ያረጀ ማኒኮቶ (ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ) ወይም የራዲያተሩ የፕላስቲክ ታንክ ነው የሚፈነዳው።

ጥያቄ፦ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቴርሞስታቱ (በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት በታችኛው ሳህኑ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ከነቴርሞስታቱ ከነበረው የባሰ ይግላል።

ጥርጣሬ ካለህ ፈትነው። ከድስቱ ሥር እንዳይነካ በክር አንጠልጥለህ ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ አፍላው። 82 የሚል ከተጻፈበት እዚያ አካባቢ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት። ልብ በል፦ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት 95 አይደርስም። «ግማሽ ብቻ ተከፈተ» ተብሎ ደህናው ቴርሞስታት ሲጣል የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ስትገጥመው ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ፒን ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

ጥያቄ፦ አባይ በረሃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ ቢቀደድ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ የተቀደደበት ቦታ ይወስነዋል። ፋሼታው (ማኒኮቶውን የሚያጠብቀው ቀለበት) አጠገብ ከሆነና ጎማው ሌላው ቦታ ካልጠነከረ፣ 2 ሳንቲም ያህል ቆርጠህ ጣል፣ መግጠሚያውን ጠርገህ መልሰህ አስገባ። ርዝመቱ ሳይወጠር ከደረሰ ይህ የለየለት ጥገና ነው፣ አታፍርበት።

መሃል ላይ ከሆነ ግን ጊዜያዊ ነው። ሞተሩ ይቀዝቀዝ፣ ጎማውን ድርቅ አድርገህ ጥረግ። ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛ ቱቦ) ሦስት ጣት ያህል ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆርጠህ እየለጠጥክ፣ ዙሩ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ፣ ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር አልፈህ ጠምጥም። ጫፎቹን በሽቦ እሰር። በረዶ እስኪመስል በቀዘቀዘ ሞተር ላይ የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ አላላው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጥምጥሙ ይይዛል። ዋጋው ውሃው ቶሎ መፍላቱ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍተህ፣ ጌጁ ሲወጣ እየቆምክ ሂድ። በረሃው ላይ ማሞቂያ መክፈት ቅጣት ይመስላል፤ ግን ትንሽ ራዲያተር ጨመርክ ማለት ነው። ደጀን እንደደረስክ ማኒኮቶ ፈልግ።

ጥያቄ፦ እንቁላል ወይም እርድ ራዲያተር ውስጥ መጨመርስ?

መልስ፦ እንቁላሉ በስሎ ወደ ቀዳዳው ይገፋና ይደፍናል፣ ውሸት አይደለም። ችግሩ የትኛው ቀዳዳ እንደሚፈለግ አለማወቁ ነው። የአሉሚኒየም ራዲያተር ቱቦዎች ውስጣቸው ከ2 ሚሊ ሜትር አይሰፋም፤ የማሞቂያውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ለማጠብ የሚወጣው ገንዘብ ከጥገናው ይበልጣል። ሽታውን ሳንጨምር።

ጥያቄ፦ ቬንቲሌተሩ አልነሳ ስላለ በማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ አገናኙልኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ የት ነው ያለፈው ሽቦ? ሪሌ (ከባድ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝ ማብሪያ) ሳይኖረው በቀጭን ሽቦና በቤት ማብሪያ ከሆነ ዛሬውኑ ያስነቅሉት፤ ማብሪያው ይቀልጣል። የግድ ከሆነ የ30 አምፔር ሪሌ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ቢያንስ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ። በብዙ የ1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ ውሃው ሲግል ቬንቲሌተሩን የሚያስነሳውን የሙቀት ስዊች ሶኬት ነቅለው ቁልፉን ሲከፍቱ ቬንቲሌተሩ መነሳት አለበት። ከተነሳ ሞተሩም ሪሌውም ደህና ናቸው፤ ጥፋተኛው ስዊቹ ነው፣ እሱም ከሁሉ ርካሹ።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ የራዲያተር ታንክ በኤፖክሲ ይያዛል?

መልስ፦ ጥቁሩ የፕላስቲክ ታንክ ከሆነ፣ የተሰነጠቀው ሙቀት አድርቆት ስለሆነ ኤፖክሲው ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ይሰነጠቃል። ቀይር። የድሮ ላንድ ክሩዘር የነሐስና የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ግን ስታኞ (ቀልጦ የሚበየድ ቆርቆሮ) በደንብ ይይዛል፤ ገላልጦ የሚያጥብና የሚበይድ ባለሙያ ካለህ መቀየር ብክነት ነው። አሉሚኒየም ተራ ስታኞ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ማስቲሽ ልድፈንባት?

መልስ፦ በፍጹም! ቀዳዳዋ የተሠራችው የፓምፑ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማ) ማለቁን እንድትናገር ነው። ስትደፍናት ውሃው ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ይገባል፣ ኩሽኔታው ይነክሳል። ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) በሚዞርበት ሞተር ላይ ከሆነ ቺንጋውንም ይዞ ይሄዳል። ፓምፕ ይቀየራል፣ ሌላ ወሬ የለውም።

ጥያቄ፦ ኩላንት ለብርድ አገር አይደለም ወይ? ውሃ አይበቃም?

መልስ፦ ኩላንት ውስጥ (የራዲያተር ፈሳሽ ማለት ነው) እኛ የምንፈልገው ዝገት መከላከያውን ነው። የቧንቧ ውሃ ኖራ ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየምም ይበላል። ኮሮላ ወደ 6 ሊትር ስለሚይዝ 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ከ3 ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ይበቃል። «ሬዲ» የሚለውን፣ ቀድሞ የተበረዘውን፣ ከገዛህ ደግመህ አትበርዘው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት ደርሶ ነበር። አሁን ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል። ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በራሱ መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚደፍን ፈሳሽ ይሸጣል፣ ልሞክር?

መልስ፦ በቀዝቃዛ ሞተር አስነስተህ ማኒኮቶው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የሲሊንደር ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ያን ግፊት የሚችል ፈሳሽ የለም። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይውረድ፤ ሲወርድም ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጠው እንዳይዘጉልህ። ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ይለኩት፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል። የድሮዎቹን ብሎኖች ርዝመትም ለካ፤ የተሳበ ብሎን ከተመለሰ አዲሱ ጓርኒሲዮን ብዙ አይቆይም።