ያስጻፈውን ሙዚቃ ለምን ለሌላ ሰጠ?

ጥያቄ፦ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ሽትራውስ የኦቦ ኮንሰርቶውን (ኦቦ የተባለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ በኦርኬስትራ ታጅቦ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበትን ሥራ) የጻፉት በአንድ አሜሪካዊ ወታደር ጥያቄ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ወታደሩ የኦርኬስትራ ኦቦ ተጫዋች ከነበረ፣ ሥራውን በአሜሪካ መጀመሪያ ያቀረበው ሌላ ሰው የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ወታደሩ ጆን ደ ላንሲ ይባላል፤ በፊላደልፊያው ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም በታላቁ ፈረንሳዊ የኦቦ ተጫዋች በማርሴል ታቡቶ እጅ የሠለጠነና ከዘመቻው በፊት በፒትስበርግ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የአንደኛውን ኦቦ ወንበር የያዘ ወጣት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1945 ጀርመን ውስጥ ጋርሚሽ በሚገኘው ቤታቸው ሽትራውስን ሲያገኛቸው፣ በሥራዎቻቸው ውስጥ ያሉትን ውብ የኦቦ ዜማዎች አንስቶ ለመሣሪያው ኮንሰርቶ ለመጻፍ አስበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው «አይ» ብለው ዝም አሉ። ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ ጻፉት፤ በረቂቁም ላይ ሐሳቡ ከአንድ አሜሪካዊ ወታደር የመጣ መሆኑን አሰፈሩ፤ ሰውየውን የቺካጎ ኦቦ ተጫዋች ማለታቸው ግን ስሕተት ነበር።

ኮንሰርቶው በ1946 መጀመሪያ ዙሪክ ላይ ሲቀርብ የተጫወተው ማርሴል ሳዬ ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የማቅረቡን መብት ሽትራውስ ለደ ላንሲ ሰጥተውት ነበር፤ ያገደው የወንበር ነገር ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ሁሉም መሣሪያውን የሚቃኝበትን ድምፅ የሚሰጠውም፣ ብቻውን የሚሰማውን ዜማ የሚጫወተውም አንደኛው ኦቦ ሲሆን፣ ከጎኑ የሚቀመጠው የቱንም ያህል ቢችል ተራውን ይጠብቃል። ደ ላንሲ ከጦርነቱ ተመልሶ ፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ሲገባ ያንን ወንበር ከ1915 ጀምሮ ይዘው የቆዩት የገዛ መምህሩ ታቡቶ ነበሩ፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ኮንሰርቶ ይዞ ፊት መቆም ለእሱ የሚፈቀድ አልነበረም። መብቱን የኦቦ ተጫዋች ለነበረው ወዳጁ ለሚች ሚለር አሳለፈለት፤ ሚለርም በ1948 በኒው ዮርክ አቀረበው።

ሥራው ራሱ የሚያስፈራ ነው። ኦቦው ገና ከመነሻው ከሃምሳ በላይ ስፍር (የሙዚቃ ምት የሚከፋፈልበት መለኪያ) ያህል ዕረፍት አልባ በሚባል ሁኔታ ይጫወታል። ብዙ ሰው የኦቦ ተጫዋች አየር የሚያጥረው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ከሸምበቆ ተፍቃ፣ ሁለት ስስ ቅጠል ሆና በክር የምትታሰረው የመሣሪያው አፍ ቀዳዳዋ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት አየር ብቻ ታሳልፋለች፤ በደረቱ ውስጥ የከረመው የተቃጠለ አየር ያፍነዋልና ተጫዋቹ አዲስ ትንፋሽ ከመሳቡ በፊት አሮጌውን ማስወጣት አለበት። ይህችን አፍ ተጫዋቹ ራሱ በስለት እየፋቀ ይሠራታል፤ ብዙም ሳትቆይ ታረጅበታለች፤ የሙያውም ሰፊ ጊዜ የሚያልፈው ከመድረክ ይልቅ በዚሁ የፍቅ ሥራ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ደ ላንሲ የመምህሩን ወንበር በ1954 ወርሶ እስከ 1977 ተቀመጠበት። የሽትራውስን ኮንሰርቶ ተጫውቶ ያስቀረጸው ግን ወንበሩን ከለቀቀ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው።