ምልክት በሌለው የጠጠር ክምር ምክንያት ለደረሰ አደጋ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። በቅርቡ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የታላቅ ወንድሜን መኪና ለራሴ ጉዳይ ይዤ ስመለስ፣ ለመንገድ ሥራ የመጣ ጠጠር ያለ ምልክትና ያለ መብራት አስፋልቱ ላይ ተደፍቶ ደረስኩበት። ፍሬን ብይዝም ጎማው ክምሩ ላይ ስለወጣ መኪናውን መቆጣጠር አቃተኝና መንገድ ዳር ባጃጅ ይጠብቅ የነበረ ሰው ገጨሁ፤ እግሩ ተሰብሯል፣ መኪናውም ተጎድቷል። ያለን መድን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ጥፋቱ የሥራ ተቋራጩ ሆኖ ሳለ እኔና ወንድሜ እንጠየቃለን?

መልስ፦ የወንጀል ተጠያቂነትንና የካሳ ኃላፊነትን ለይተው ካላዩ በስተቀር ለጥያቄዎ ትክክለኛ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ «ጥፋት የለብኝም» የሚለው መከራከሪያ በመጀመሪያው ነጻ ሊያወጣዎ ሲችል በሁለተኛው ግን ብዙም አያስጥልዎትም።

በወንጀል በኩል ሊቀርብብዎ የሚችለው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 መሠረት በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ የሚል ክስ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 57 በበኩሉ ጥፋት ሳይኖር፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ በደረሰ ነገር ማንም እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ዐቃቤ ሕግ ክምሩ አልነበረም ብሎ ላይከራከር ይችላል፤ የሚከራከረው በጨለማ የመኪናዎ መብራት በሚያሳይዎ ርቀት ውስጥ መቆም በማይችሉበት ፍጥነት ይነዱ ነበር ብሎ ነው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው የአደጋ ፕላን (የአደጋው ሥፍራ ንድፍ) ክምሩን፣ ከመንገዱ ስፋት ምን ያህሉን እንደያዘና የፍሬኑን ምልክት ርዝመት ማሳየት አለማሳየቱን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያረጋግጡ፤ የተዘለለ ነገር ካለም ለመርማሪው በጽሑፍ ያመልክቱ።

የካሳው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ሲደነግግ፣ ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት አለመሥራቱን፣ ጉዳቱን ለማስቀረት አለመቻሉን፣ ወይም ጉዳቱ በሌላ ሦስተኛ ሰው ጥፋት የደረሰ መሆኑን በማስረዳት ብቻ ከኃላፊነት እንደማያመልጥ በግልጽ ያስቀምጣል፤ የሚያድነው የተጎጂው ራሱ ጥፋት ነው። ባጃጅ በሚጠብቅ እግረኛ ላይ ይህ ጥፋት በቀላሉ አይገኝም። በመሆኑም ተጎጂውን «ተቋራጩን ክሰስ» ብሎ መመለስ ለወንድምዎ ሕጋዊ መከላከያ አይሆንም፤ እርስዎም መኪናውን ለግል ጉዳይዎ በእጅዎ ያደረጉ በመሆኑ አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ። በወንጀሉ ነጻ ቢባሉ እንኳ፣ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎት በዚያ ውሳኔ አይታሰርም። የሦስተኛ ወገን መድኑ እስከ ሽፋኑ ጣሪያ ድረስ ለተጎጂው ይከፍላል፤ የራሳችሁን መኪና ግን አይጠግንም።

ተቋራጩ ታዲያ በነጻ ይሄዳል ማለት አይደለም። ተጎጂው ከከሰሳችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 መሠረት ተቋራጩ ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለመኪናው ጉዳት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 ራሱን የቻለ ክስ ይቀርባል። እዚህ ላይ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው። ተቋራጩ ምልክቱ ነበር፣ ተሰረቀ ሊል ይችላል። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ አስፋልት ላይ ጥሎ በሚሄድባት በአዳማ ደግሞ «ጎርፍ ያመጣው ነው» የሚለውም መልስ አይቀርም፤ የተፈጨ ጠጠርን ከጎርፍ አሸዋ የሚለይ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ከብዙ ምስክር የሚበልጠው ለዚህ ነው። ፍጥነትዎ ለጉዳቱ ድርሻ ነበረው ከተባለም ካሳው ሊቀነስ ይችላል። የከተማውን አስተዳደር መክሰስ ያን ያህል ቀላል አይደለም፤ በቁጥር 2126 መሠረት የአስተዳደሩ ሠራተኛ በሥራው ላይ የፈጸመው ጥፋት መረጋገጥ ይኖርበታል፣ አስተዳደሩም ተቋራጩ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው በማለት በቁጥር 2134 ሊከላከል ይችላል።

ለተጎጂው የሕክምና ወጪ ቢከፍሉ ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም፤ ደረሰኙን ግን ያስቀምጡ። በሽማግሌ ከታረቃችሁ የካሳው መጠን በጽሑፍ ይስፈር፣ ከመፈረማችሁም በፊት መድን ድርጅቱ ይወቀው። ዕርቁ ካሳውን ቢዘጋም የወንጀል ክሱን በራሱ አያስቀርም፤ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ቃል ያለበት ሰነድ ላይም አይፈርሙ።

የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሊብሬው በወንድምዎ ስም ስለሆነ የመኪናውን ካሳ የሚጠይቀው እርሱ ነው፤ እርስዎ የሚከታተሉለት ከሆነ በሕግ አግባብ የተረጋገጠ ውክልና ይስጥዎ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ በአማርኛ የተጻፉ የጋራዥና የሕክምና ማስረጃዎችን ከክሱ በፊት አስተርጉሙ።