«ብልሁ አልፎንሶ» ወይስ «ጠቢቡ አልፎንሶ»?

ጥያቄ፦ ስለ አንድ የስፔን ንጉሥ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አገሬው «አልፎንሶ ኤል ሳቢዮ» ይለዋል። እኔ «ብልሁ አልፎንሶ 10ኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን «ጠቢቡ ነው የሚባለው» ብሎ ሞገተኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ጓደኛዎ ረትቶዎታል።

ብልህ የምንለው ሰውንና ጊዜን አይቶ መውጫውን የሚያበጅ ሰው ነው። አልፎንሶ በዚህ በኩል ብዙም አልታደለም። ካስቲልንና ሊዮንን ከ1252 እስከ 1284 እ.ኤ.አ. ገዛ። የቅድስት ሮማ ግዛትን (የያኔውን የመካከለኛው አውሮፓ ኢምፓየር) ዘውድ እጭናለሁ ብሎ ለዓመታት ገንዘብ አፈሰሰ። በ1275 የሮማው ጳጳስ «ተወው» አሉት፤ ተወው። በ1282 ደግሞ የገዛ ልጁ ሳንቾ አመፀና ሥልጣኑን ነጠቀው። የሞተው ባልከዳችው ከተማ በሴቪያ ነው። ይህን ሰው እንዴት ብለን ብልህ እንበለው?

«ሳቢዮ» ከማወቅ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ንጉሡ አይሁድና ክርስቲያን ሊቃውንትን ሰብስቦ የዓረብኛ መጻሕፍትን ወደ ካስቲልኛ (ወደ ዛሬው ስፓኒሽ) አስተረጎመ። ሕግ አስጻፈ፤ የከዋክብት ሰንጠረዥ አሠራ። በ1283 የተጠናቀቀ የቼዝና የሌሎች ጨዋታዎች መጽሐፍ ሳይቀር አለው። ከ400 በላይ የማርያም መዝሙሮችም በስሙ ይጠራሉ። «ሊቁ» ቢሉት ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር መምህር ይመስላል። «ጥበብ» ግን ሕጉንም፣ ኮከቡንም፣ ዜማውንም አንድ ላይ ይይዛል። ጠቢብ ሲባል ሰሎሞን ትዝ ይለናል፤ ይበል፣ አይጎዳም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ «ዳግማዊ ምኒልክ» እንደምንለው «አሥረኛው አልፎንሶ» ቢሉ ለጆሮ ይጥማል። «አልፎንሶ 10ኛ» ስህተት ነው አልልም፤ የትርጉም ሽታው ግን አይለቅም። ሁለቱንም ቅጽል ደርድረው «ጠቢቡ አሥረኛው አልፎንሶ» አይበሉ፣ ያንቃል። መጀመሪያ ላይ አንዴ «አሥረኛው አልፎንሶ፣ በቅጽል ስሙ ጠቢቡ» ይበሉና ከዚያ «ጠቢቡ አልፎንሶ» እያሉ ይቀጥሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚያ የማርያም መዝሙሮች 2ኛው ስለ ቶሌዶው ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ነው። በእኛ ተአምረ ማርያም ደቅስዮስ የሚባለው እሱ ነው፤ ከተማውም እዚያ ጥልጥልያ ትባላለች። ደስ ቢልዎትም እርስዎ «ቶሌዶ» ብለው ይጻፉ። ጥልጥልያን ካርታ ላይ የሚያገኛት አንባቢ የለም።