ፋይልህ ከአንተ ኮምፒውተር ሲወጣ፦ ለጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የሰው ረቂቅ ለኅትመት ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ስለ መጻፊያ ፕሮግራምና ስለ ፋይል የከበዳችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ማንኛውንም ፋይል ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከ20 ዓመት በፊት የጻፍኩት ልብ ወለድ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆነብኝ። ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም፣ አይዞህ። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ብዙዎቹ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ያለብሱ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። መጀመሪያ ኮፒ አድርግ። ከዚያ የፎንቱን ስም ፈልግና ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይረው። ሲያልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይንህ አንብበው። እኔ በቀየርኩት አንድ ረቂቅ ውስጥ «ልጇ» የሚለው ሁሉ «ል» ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። የእናትና የልጅ ታሪክ ነው፤ በየገጹ ስንት ቦታ እንደነበር አስቡት።

ጥያቄ፦ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ሳትነግረኝ አልመልስም።

አባል፦ ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው። የፋይል ዓይነቱ ኦዲቲም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው።

ሌላ አባል፦ የማይክሮሶፍት ዎርዱ ዶክኤክስም በ2008 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኗል። ደግሞ የትኛው አርታኢ ነው ኦዲቲ የሚቀበልህ?

አባል፦ የእኔ ይቀበላል!

መልስ፦ በቃ፣ ከጥያቄው ወጣችሁ። በፈለጋችሁት ጻፉ፤ ስትልኩ ግን አርታኢው በጠየቀው ዓይነት ላኩ። ለውጥ መከታተያው (ማን ምን እንዳረመ የሚያሳየው) እና የኅዳግ አስተያየቱ ሳይበላሽ መድረሱን በአንድ ገጽ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ምዕራፎቼ አርታኢዬ ጋ ሲደርሱ ከገጽ መሃል ይጀምራሉ። እኔ ጋ ልክ ናቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ ኢንተር እየደጋገምሽ ነው ወደ አዲስ ገጽ የምታወርጂው አይደል? እሱ ጋ ፎንትሽ ከሌለ ፕሮግራሙ ሌላ ይተካል፤ የመስመሩ ርዝመት ይቀየርና የደረደርሽው ባዶ መስመር ሁሉ ይንሸራተታል። የገጽ መግቻ ተጠቀሚ፤ ቀጣዩን ጽሑፍ ከአዲስ ገጽ የሚያስጀምር ትእዛዝ ነው። የምዕራፍ ርዕስሽን ደግሞ በእጅ አታድምቂው፣ በርዕስ ስታይል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለርዕስ ባዘጋጀው ቅርጽ፣ ስጪው። ያኔ ማውጫው ራሱ ይወጣልሻል፤ አርታኢውም መጠኑን መቀየር ቢፈልግ አንድ ቦታ ነክቶ ሁሉንም ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ፋይሌ አልከፈት አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ዓይነት ፋይል? በምን ስትከፍተው? ምን የሚል መልእክት መጣ? ዶክኤክስ ከሆነ ውስጡ ዚፕ ነው፤ ብዙ ፋይል በአንድ የታሸገበት ጥቅል ማለት ነው። ኮፒ አድርግና የኮፒውን ቅጥያ (በስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ወደ ዚፕ ቀይረህ ክፈተው። «ወርድ» (word) በሚለው ፎልደር ውስጥ «ዶክመንት» (document) የተባለውን ፋይል ታገኛለህ፤ ጽሑፍህ ብዙ ጊዜ እዚያ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ በፒዲኤፍ ብቻ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ፒዲኤፍ ለማሳየት ነው፣ ለማረም አይመችም። ዋናውን ፋይል ያዝ።

ጥያቄ፦ በስልክ ለመጻፍስ?

መልስ፦ አልሠራበትም። የሚያውቅ ይመልስ።

ጥያቄ፦ የድሮ ጽሑፌ በላቲን ፊደል ይታየኛል...

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ኮፒ ሳታደርግ ግን እንዳትነካው።