ኩሽናው ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ? ስለ አፓርታማ ምርጫ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ስነድፍ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ክፍል አከፋፈል፣ ስለ ኩሽና፣ ስለ መስመር ዝርጋታ ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ለእናቴ፣ አያት ሰፈር፣ ባለ ሦስት መኝታ ልገዛ ነው። ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር ክፍት ነው። ይመቻታል?

መልስ፦ እናትሽ እንጀራ ቤት ትጋግራለች? ዋናው እሱ ነው። ድሮ ክፍት ኩሽና የሚጠይቀኝ ገዢ ብዙም አልነበረም። አሁን ወጣት ባለትዳሮች ይፈልጉታል። እንጀራ ከሱቅ ይገዛሉ፣ ሳሎኑም ሰፋ ይልላቸዋል። ግን ቁሌቱስ? የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ መጋረጃና ሶፋ ላይ ይቀራል። እኔ የምመክረው ሁለቱንም ነው፦ ሳሎኑ ጋ ለቡናና ለቁርስ የሚሆን ክፍት ቦታ፣ ከኋላ መስኮት ያለው ትንሽ ዝግ ማብሰያ።

ምጣዱንም አትርሺ። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው የኩሽና ባንኮኒም ጥልቀቱ 60 ነው። ከነአክንባሎው አይመችም። ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር ከሆነ ብሬከሩ ሲወርድ ይውላል። የራሱ መስመር ይኑረው። ይህንንም ውል ላይ አስጽፊ። ሥዕል አይተሽ አትፈርሚ።

ከመካኒሳ፦ ጓዳ ገመና ነው። እንግዳ ተቀምጦ ድስት ማንኳኳት ነውር ነው።

ከሰሚት፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ሥራ ውላ ገብታ ጓዳ ለብቻዋ ለምን ትዘጋለች? እየተጫወትን አብሬያት እከትፋለሁ።

ከመካኒሳ፦ ልጄ፣ የዓመት በዓል ዶሮ ሳሎን ውስጥ ይገነጠላል?

መልስ፦ ጋሼ ያሉት እውነት አለው። ኮንዶሚኒየም ላይ ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት) የተሠራው ለዚህ ነበር፤ ለእርድ፣ ለእንጀራ፣ ለልብስ ማጠቢያ። የዛሬ አፓርታማ ያንን ትቶ ጂም ይሠራል። ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። አሁን ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ቤት የት አለ?

መልስ፦ እንዲህ አይጠየቅም። ስንት ሰው ይኖርበታል? ሥራህ የት ነው?

ጥያቄ፦ ካሬው ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ግን 140 ካሬ ሲሏችሁ ደረጃው፣ ሊፍቱና ኮሪደሩ ተደምሮ እንደሆነ ጠይቁ። የግድግዳችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ስንት ነው? እሱ ውል ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ።

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ገዢ ይህን ያነሳል። ከፓርኪንግህ እስከ ቆጣሪህ መስመር መዘርጋቱን እይ። «በኋላ እናስገባለን» ቢሉህ አትቀበል። ውል ላይ!

ጥያቄ፦ የሠራተኛ ክፍሉን ቢሮ ባደርገውስ?

መልስ፦ ይቻላል። መስኮት ከሌለው ግን ዕቃ ቤት ነው፤ ሰው አታስተኙበት።

ጥያቄ፦ ክፍት ኩሽና ይሻላል ወይስ ዝግ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እናቴን ጠየቅኳት። ራሷ ነው የምትጋግረው።

መልስ፦ እንግዲያው ክፍቱን ተይው። ወይም በመስታወት በር ይዝጉልሽ። ለምጣዱ 25 አምፔር ብሬከርና ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከምጣዱ በላይ የሚከፈት መስኮት። ሦስቱንም አስጽፊና ፈርሚ።