ጋቢና ውስጥ ቂብላ አይፈልጉ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ከአዳማ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የሶላት ሰዓትም ቂብላም (ስንሰግድ የምንዞርበትን የመካ ካዕባ አቅጣጫ) የማየው በስልኬ አፕ ነው። ጋቢና ውስጥ ኮምፓሱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይጠቁማል፤ በረሃው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሰዓቱን ማመን ይከብደኛል። ምን ይሻላል?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድማችን። የስልክ ኮምፓስ የሚለካው የምድርን መግነጢስ ስለሆነ የመኪናው ብረት፣ የበሩ ስፒከርና ማግኔት ያለው የስልክ ማስቀመጫ ያዛቡታል። ወርደው አሥር እርምጃ ያህል ይራቁ፣ ከቨሩን ያውልቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ 8 ቁጥር እየሠሩ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት፤ ከዚያ በመዳፍዎ አጋድመው ያንብቡ። ማመሳከሪያ እንዲሆንዎ፦ አዳማ ላይ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ፈቀቅ ይላል፤ ሚሌ ላይ ወደ ምዕራብ 5፣ ጅቡቲ ከተማ 17 ግድም ይሆናል። ከዚህ በጣም የራቀ ካሳየዎት ኮምፓሱ ተዛብቷል። ግንቦት 20 ገደማ ከቀኑ 6፡18፣ ሐምሌ 9 ገደማ ደግሞ 6፡27 ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትውላለች፤ በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው ወደ ቂብላ ዞሯል።

ኔትወርኩ አያሳስብዎ። አብዛኞቹ አፖች ያሉበትን ቦታና ቀኑን ይዘው ሰዓቱን ራሳቸው ያሰላሉ፤ ጂፒኤስም ከሳተላይት ስለሚቀበል ሲም ካርድ አያሻውም። ችግሩ ቦታው በእጅ «አዳማ» ተብሎ ተሞልቶ ሲቀር ነው። ጅቡቲ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ዙህር (የቀትር ሶላት) እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይገባል፤ ሱብሂና መግሪብም (የጎህና የፀሐይ መጥለቂያ ሶላቶች) እንደ ወቅቱ በዚሁ ገደማ ይቀድማሉ። በረመዳን የአዳማን ሰዓት ይዘው ጅቡቲ ላይ ሱሁር ቢበሉ ጎህ ከቀደደ በኋላ መብላትዎ ነው፤ ሲመለሱ የጅቡቲን ይዘው ቢያፈጥሩ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ፆምን የሚነካ ነገር ነውና አደራ፣ ሎኬሽኑን አውቶማቲክ አድርገው በየደረሱበት አፑ ላይ የተጻፈውን የከተማ ስም ይመልከቱ። አዳማ ላይ ዙህር ዓመቱን ሙሉ ከ6፡05 እስከ 6፡40 ባለው ውስጥ ነው፤ በስልኩ አቆጣጠር 12፡05 እስከ 12፡40 ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዘለለ የሰዓት ቀጠናው ተሳስቷል።

የስሌት ዘዴውንም ይፈትሹ። ለሱብሂ ፀሐይ ከአድማስ በታች የምትሆንበትን ዲግሪ የሙስሊም ዓለም ሊግ ዘዴ 18፣ የግብፁ ዘዴ 19.5፣ የሰሜን አሜሪካው ዘዴ 15 ይለዋል። በሁለቱ ጫፎች መካከል አዳማ ላይ 18 ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ። ከመስጂድዎ የሰዓት ሠሌዳ ጋር የሚገጥመውን ይምረጡ። ለአስር (ከዙህር ቀጥሎ ላለው ሶላት) ሻፊዒ ወይም ሐነፊ የሚል የመዝሀብ ምርጫ አለ፤ የሐነፊው ዘግይቶ ይገባል።

አዛኑ ካልጮኸ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው፤ ሴቲንግ ገብተው አፑን ከቁጠባው ያውጡት።