ያቺ የፍኖተ ሰላሟ ወፍጮ

ሰሞኑን አንድ የባህር ዳር ተማሪ "ጋሼ፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የኢንቨርተሬ አይጂቢቲ ይፈነዳል፣ ኮዱ እኮ ልክ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ኢንቨርተር ዲሲን ቆራርጦ ለሞተር ኤሲ የሚሰራ ዕቃ ነው፣ አይጂቢቲ ደግሞ ያን ከባድ ከረንት የሚከፍትና የሚዘጋው ትራንዚስተር። መልሱ አንድ መስመር ነው፣ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1994 ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ ወፍጮ ቤት ነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ይደበዝዛል፣ ጎረቤት ይሳደባል። እኔ ደግሞ ያኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፣ ሞተሩን ቀስ አርጎ የሚያስነሳ ኢንቨርተር እሰራለሁ ብዬ ገባሁበት። ትዕዛዝ የሚሰጠው ቺፕ 8051 የሚሉት ማይክሮኮንትሮለር ነው፣ ኢንቴል በፈረንጅ 1980 ያወጣው፣ ራሙ 128 ባይት፣ በ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አንዷ ትዕዛዝ ቢያንስ 1 ማይክሮሰከንድ ትፈጃለች። የላዩ ትራንዚስተር ሳይዘጋ የታቹ እንዳይከፈት መሃል ላይ የምትገባዋን ክፍተት እኔው ነኝ በአሴምብሊ፣ ማለት በቺፑ በራሱ ትዕዛዞች፣ እየቆጠርኩ ያስገባሁት።

ሶስት ቀን ፈጨ። ባለቤቲቱ ደስ ብሏት ጠላ በጣሳ ታመላልስልን ነበር፣ እንደዛ ያለ ጠላ ከዛ ወዲህ አልቀመስኩም። በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ጤፋቸውን ይዘው ተሰልፈው መብራቱ ብልጭ አለና መለስ አለ፣ ወዲያው ጧ! ዱቄትና ጭስ ተደባልቆ ሰው በሩ ላይ ተጋፋ። እኔ ምን አረኩ፣ ዞር ብዬ ረዳቴን፣ 16 ዓመት ቢሆነው ነው፣ "ሽቦ አዛውረህ ነው!" ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። "ጋሼ እኔ አልነካሁም" አለ። ሂሳቡን እንኳ ሳይቀበል ሄደ።

ዓመት ቆይቶ ማኑዋሉን ሳገላብጥ አየኋት፣ 8051 ሪሴት ሲያደርግ፣ ማለት ከመጀመሪያው ሲነሳ፣ ፖርቶቹ (መውጫ ፒኖቹ) ሁሉ 1 ይሆናሉ። ከቺፑ ትዕዛዝ ተቀብሎ ትራንዚስተሩን የሚከፍተው የኔ ድራይቨር ደግሞ 1 ሲያይ ነው የሚከፍተው። ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑ ሪሴት አደረገ፣ ላይና ታች ባንዴ ተከፈቱ፣ የዲሲው መስመር 540 ቮልት ሾርት ሆነ። ልጁ ምንም አልነካም ነበር።

እናንተማ ታድላችኋል፣ በ2007 (አሁንም በፈረንጅ) የመጣው ኤስቲኤም32 የሚባለው ቺፕ እንኳ 72 ሜጋኸርዝ ነው፣ ክፍተቷን ታይመሩ ራሱ ያስገባታል፣ ከረንት ሲበዛ ደግሞ ብሬክ የሚሉት ፒን ፕሮግራሙን ሳይጠብቅ ይዘጋዋል። ለዛ ነው መሰለኝ ላይብረሪ ኮፒ አርጋችሁ ማኑዋል የማትከፍቱት። እኔስ መቼ ከፈትኩ፣ ከተቃጠለ በኋላ አይደል።

ለማንኛውም ልጄ፣ ያንተ ኤስቲኤም32 ሪሴት ላይ ፒኑን 1ም 0ም አያረገውም፣ አንጠልጥሎ ነው የሚተወው። ከየድራይቨሩ መግቢያ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እሰር፣ ያኔ ቺፑ ዝም ሲል መግቢያው 0 ላይ ይቆያል። ስትሞክር ዲሲው መስመር ላይ የድሮውን ቢጫ አምፖል በተከታታይ አስገባ፣ ሾርት ከሆነ አምፖሉ ይበራል እንጂ አይጂቢቲው አይፈነዳም።

ልጁን አምና ቡሬ አገኘሁት፣ የሞተር መጠምጠሚያ ሱቅ ከፍቷል። ጋሼ ብሎ ተነስቶ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ መዳብ ሽቦ መወደድ ስናወራ ቆየንና ሂሳቡን ልክፈል ብል እምቢ አለኝ።